የለመድኩት ከፍታ ነው ብዬ

ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ነው። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀረኝ መሐንዲስ ነኝ። ሰሞኑን ሁለት ወጣት ባልደረቦቼ ለሥልጠና ስዊዘርላንድ ሊሄዱ ነው። ማኪያቶ ጠጥተን ስንመለስ «ጋሼ፣ አንድ የዕረፍት ቀን አለችን፤ ምን ብናደርግባት ይሻላል?» አሉኝ። ሱቅ ለሱቅ ሊዞሩባት እንዳሰቡ ያስታውቅባቸዋል። ተራራ ውጡ አልኳቸው። ለእነሱ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው።

እኔ የወጣሁት ዩንግፍራውዮክ ነው፤ አልፕስ ተራሮች ላይ ባቡር የሚደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ነው። ያኔ በርን ከተማ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። እዚያ ከሰነበትኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። እሁድ በማለዳ ወደ ኢንተርላከን ሄድኩና የተራራውን ባቡር ያዝኩ። ቲኬቱ ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ከአበሌ ላይ ቆጥቤ ነው የገዛሁት። ጃኬት ግን አልያዝኩም። ሹራብና የቢሮ ጫማ፣ በቃ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ እንጦጦን ስወጣ ስወርድ ያደግኩ፣ ብርድና ከፍታ ምን ያደርገኛል?

ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚቆምበት ጣቢያ 2,320 ሜትር ላይ ነው። ፈረንጆቹ ወርደው ከፍታው የተጻፈበትን ሰሌዳ ፎቶ ያነሳሉ። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። ይሄ እኮ ለገሃር ነው! እኛ ዳቦ ለመግዛት የምንወጣበት ከፍታ ነው። ጉራዬ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ድንጋይ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1888 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግን በጥቂት ወራት ውስጥ ማለት ነው። ሐሳቡን ያመጣው ጉየር-ዜለር የሚባል ባለሀብት ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ባቡሩ ጫፍ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነው። ይህን ሳነብ የራሳችን ባቡር ትዝ አለኝ። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኢልግ እሱም ሳያየው ነው ያረፈው። በየቀኑ በለገሃር ጣቢያ በኩል አልፋለሁ፤ ይህንን ያሰብኩት ግን ስዊዘርላንድ ዋሻ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

መሃል ላይ ባቡሩ ለደቂቃዎች ይቆማል። አለቱ ውስጥ በተከፈተ መስኮት የበረዶውን ባሕር ታያላችሁ። ውረዱና እዩ። እኔ ቦታዬ እንዳይያዝብኝ ብዬ አልወረድኩም። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ጫፉ 3,454 ሜትር ነው። ስደርስ እንደ ልጅ ሮጥኩ። ወደ ውጭ ወጣሁና በረዶው ላይ ሽቅብ ቸኮልኩ። ሃያ እርምጃ አልሄድኩም። ራሴን አዞረኝ፣ ልቤ እንደ ከበሮ ደለቀ፣ የቢሮ ጫማዬም አንሸራተተኝና በመቀመጫዬ ቁጭ አልኩ። አንዲት ጠና ያሉ የባቡሩ ሠራተኛ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ወንበር ሰጡኝና በእጃቸው «ቀስ፣ ቀስ» የሚል ምልክት አሳዩኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ አገሬ ደጋ ነው ለማለት አፈርኩ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ሦስት ሳምንት ቆላ የሰነበተ ሰውነት ከፍታውን መርሳት ይጀምራል። በዚያ ላይ ሰውነት ሳይለምድ ከ3,000 ሜትር በላይ መሮጥ አይመከርም። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ከቦርሳዬ ቺፕስ ሳወጣ ከረጢቱ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ታች ስገዛው ልምሾ ነበር። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከውጭ የመጣ ቺፕስ ለምን ሁልጊዜ ተወጥሮ እንደሚታይ ያን ቀን ገባኝ። ይኸውላችሁ፣ መሐንዲስ ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፣ ጠይቄ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ልጆች፣ ሂዱ። ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ጫፉ ላይ የተተከለው ካሜራ የሚያሳየውን በስልካችሁ ኢንተርኔት ላይ እዩ፤ ጭጋግ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ውሃ ጠጡ። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ጻፉ። ስትደርሱ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ከዚያ የአሌችን ግግር በረዶ ተመልከቱ፤ ከአልፕስ ረጅሙ እሱ ነው፣ ከዓመት ዓመትም እያጠረ ነው።

እኔ ስመለስ የጠጣሁበትን የውሃ ጠርሙስ እዚያው ጫፍ ላይ ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ኢንተርላከን ስደርስ ጎኑ ጭምድድ ብሎ ተጣብቋል። ለልጆቼ ላሳይ ብዬ ሳልከፍተው አዲስ አበባ ድረስ ይዤው መጣሁ። ቤት ገብቼ ሳወጣው ትንሽ ተመልሷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተቃናም። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ማን ጨመደደው?» አለችኝ።