ሁለት ዓይነት ነጭ፦ ሐምሌ ላይ የደበዘዘች ሲ.አር. 42

ከባሕር ዳር የጻፉልን አንባቢ የጣሊያኑን ፊያት ሲ.አር. 42 ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል በ1፡72 መጠን ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው፣ በስስ ፊልም ላይ የታተሙትን ምልክቶች ለጥፈው ጨርሰው ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ምሽት በረንዳ ላይ ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ከጣሳ ነፉበት። ሲነጋ ክንፉ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ በምልክቶቹ ሥር ደግሞ ብርማ ጥላ ታየ። «ቀለሙን በሙሉ አጥቤ እንደገና ልጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አይጠቡት፤ ሥራዎ አልጠፋም። ያዩት ነጭ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ መንስኤውም መድኃኒቱም ይለያያል። ለመለየት በለስላሳ ብሩሽ ንጹሕ ውሃ ክንፉ ላይ ያስነኩ። እርጥብ ሳለ ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለሰው ነጭ የቫርኒሹ ነው። ውሃው ምንም ሳይለውጠው የምልክቱን ቅርጽ ይዞ የሚቀረው ብርማ ነገር ከምልክቱ ሥር የታፈነ አየር ነው።

የመጀመሪያው የክረምት በሽታ ነው። የቫርኒሹ ማቅጠኛ በፍጥነት ሲተን ያረፈበትን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። በክረምት የጣና ዳርቻ አየር እርጥበት የተሸከመ ስለሆነ ገና ባልደረቀው ቫርኒሽ ላይ ጤዛ ያርፍበታል። ውሃው ሲሄድ የሚተዋቸው ጥቃቅን ክፍተቶች ብርሃን ስለሚበትኑ ዓይን ነጭ ያያል። ምሽት ላይ ፕላስቲኩም ጣሳውም ስለሚቀዘቅዙ ይብሳል። በቅጡ ያልተናጠ ጣሳም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፦ ማት የሚያደርገው ዱቄት ከታች ዘቅጦ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ሁለተኛው የመጣው ከምልክቶቹ በፊት ነው። ማት ቀለም በዓይን ለስላሳ ቢመስልም ሻካራ ነው፤ የምልክቱ ስስ ፊልም ጉብታዎቹ ላይ ብቻ ያርፍና ሥሩ አየር ይቀራል። በሲ.አር. 42 ላይ ይህ ጎልቶ ይወጣል። የእውነተኛው አውሮፕላን ክንፍ በጨርቅ የተሸፈነ ስለነበር ሞዴሉ ላይ የክንፉ አጥንቶች መስመር መስመር ሆነው ይታያሉ፤ ፊልሙም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ድልድይ ይሠራል።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንዳይገለብጡ። መጀመሪያ የሚታከሙት ምልክቶቹ ናቸው፤ የቫርኒሹ ነጭ መድኃኒት የሆነው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀድሞ ከተነፋ፣ ፊልሙን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። ብርማ የሆነውን ቦታ በቀጭን መርፌ ጫፍ በሁለት ሚሊሜትር ርቀት ይውጉት፤ ቫርኒሹንና ፊልሙን ብቻ እንጂ ቀለሙን አይጭሩ። ይህን ፈሳሽ፣ ማለትም የምልክት ማለስለሻውን፣ በብሩሽ ያስነኩበት። ካላገኙ ነጭ አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥነው ይሞክሩ፤ አቅሙ ግን ደካማ ነው። የትኛውንም ቢሆን አስቀድመው ከሆዱ በኩል፣ በማይታይ ቦታ ይፈትኑት። ፊልሙ ቢሸበሸብ አይደንግጡ፣ አይንኩትም፤ ሲደርቅ ራሱ ይለጠጣል። ከደረቀ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። አልለቅ ያለውን ጥርት ያለ የፊልም ክፍል ከሥሩ ባለው ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ የጣሊያኖቹ አረንጓዴና ቡናማ ጠቃጠቆ እንዲህ ያለውን እርማት ደህና አድርጎ ይደብቃል።

ቀጥሎ ከማቱ ጋር የአንድ ፋብሪካ የሆነ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በስሱ ይንፉ። ክፍተቶቹ ስለሚሞሉ ቀለሙ ዓይንዎ እያየ ይመለሳል። ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ በኋላ ነው ማቱን መልሰው የሚነፉት።

ለዚህ የፀሐይ ብልጭታ ያለበትን ቀን፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ይምረጡ፤ ዝናብ ካቆመ ገና ሰዓት ያልሞላው ከሆነ ይተዉት። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያቁሙ፤ የፈላ ውሃ ግን ጣሳ ያፈነዳል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይናጡት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቀው፣ ከክንፉ ጫፍ ውጭ ጀምረው ከሌላው ጫፍ ውጭ ይጨርሱ። የዚህ ሞዴል ክንፍ 13.5 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ ምልልስ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይፈጅም። በሁለት ስስ ንፊት መካከል ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ። ቶሎ ይድረቅ ብለው ከሰል አጠገብ እንዳያደርጉት፤ ጋዙ እሳት ይይዛል፣ ክንፉም ይጣመማል።

ለሚቀጥለው ሞዴል ምልክት ከመለጠፍዎ በፊት ማት ቀለሙን በሁለት ስስ ንፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይሸፍኑት። በበጋ አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን ያድርቁት፤ ጥርት ያለውን የፊልም ጠርዝ እስከ ሥዕሉ ድረስ በመቀስ ከርክመው ይለጥፉ።