የሐዋሳ ዛፎች፣ ጉሬዛዎችና የሐይቅ ዳርቻ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሰፈራችን በየሐምሌው ችግኝ ይተከላል፤ የካቲት ላይ ግን ብዙው ደርቆ ይገኛል። ጉድለቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱና የበጋው ውኃ ነው። ለመንገድ ዳር ዛፍ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አኑሩና ሦስት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ፕላስቲኩን ጨርሳችሁ አውጡት። ከታች የተጠመጠመ ሥር ካለ ቁረጡ፤ ካልሆነ ከዓመታት በኋላ ዛፉን ያንቀዋል። ግንዱ ከሥሩ የሚነሣበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ጠልቆ ከተቀበረ ልጡ ይበሰብሳል። በየቀኑ አንድ ጣሳ ከማፍሰስ በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይበልጣል፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ለሁለት በጋ ይቀጥል። ውኃ የሚያጠጣ ሰው ካልተመደበ 500 ከመትከል 50 መትከል ይሻላል። ፎቶ አንሺ በሐምሌ ሞልቷል፤ ባልዲ ያዥ ነው በጥር የሚጠፋው።

ጥያቄ፦ ዋርካ የመንገድ አካፋይ ላይ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ሥሩ አስፋልትና ቱቦ ይፈነቅላል። ሰፊ መናፈሻ ውስጥ፣ ከሕንፃ 15 ሜትር ያህል ርቆ ይተከል። የመብራት ሽቦ ካለ ክትክታ፣ ከሌለ ዋንዛ በ8 ሜትር ልዩነት ይሆናል። ዋንዛ ለንብ ግሩም ነው፤ ፍሬው ስለሚያጣብቅ ግን መኪና ማቆሚያ አጠገብ አትትከሉት፣ ባለመኪናዎቹ ያስቆርጡታል።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር ባለው በአሞራ ገደል መናፈሻ ላሉት ጉሬዛዎች ዳቦና ፈንዲሻ ብንሰጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባካችሁ ተዉ። ጉሬዛ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላሉለታል፣ ዱቄትና ስኳር ሲገባ ሥራቸው ይዛባል። እዚያው ያሉት ጦጣዎች ደግሞ ይለምዱና ከሕፃን እጅ መንጠቅ ይጀምራሉ። ጉሬዛ የሚጠቀመው ቅርንጫፋቸው የሚገናኝ ዛፎች ሲኖሩት ነው። በመካከል አንድ ትልቅ ሾላ ከተቆረጠ መሬት ወርዶ ለውሻና ለመኪና ይጋለጣል። ስለዚህ ያረጀ ዛፍ የግድ የሚነሣ ከሆነ ተተኪው ከዓመታት በፊት አጠገቡ ተተክሎ ይደግ።

ጥያቄ፦ ከካፌያችን ፊት ያለው ፊላና ቄጠማ ሐይቁን ጋርዶብናል። ብንመነጥረውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁሉንም አትመንጥሩት። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል እዚያው ይቀራል። ፊላው ከዳርቻው የሚገባውን ደለል ይይዛል፣ የዓሣ ጫጩቶችም ይጠለሉበታል፣ ወፎችም ጎጆ ይሠሩበታል። ዕይታ ከፈለጋችሁ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ መተላለፊያ ክፈቱና ከእንጨት መረማመጃ ሥሩበት። ሥሩን አትንቀሉ፣ በክረምትም አትቁረጡ፤ ጎርፉ የሚመጣው ያኔ ነው።