የፍሬሽማን ውጤታችሁና ኤምካት

ልጆቼ፣

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ጀነራል ኬሚስትሪ ሲ አመጣሁ። ኤምካት ይቅርብኝ?» በሕክምና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ለኤምካት፣ ማለትም ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ የሚዘጋጁ ልጆችንም አስጠንቻለሁ። በዚህ ብቻ አይቅርባችሁ ነው መልሴ።

ውጤቱ ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም። በጥቅሉ ጥሩ ጂፒኤ ያላቸው ልጆች ኤምካትም ላይ የተሻለ ያመጣሉ። ይህ ግን የብዙዎች አማካይ ነው። የአንድን ልጅ ዕጣ አይቆርጥም።

እስቲ ፈተናውን ራሱን እዩት። አራት ክፍል አለው፤ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። አንዱ ክፍል ንባብ ነው። በ90 ደቂቃ 53 ጥያቄ፣ የሳይንስ እውቀት የሚጠይቅ አንድም የለበትም። ሌላው በአብዛኛው ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ነው። የኬሚስትሪ ሲ ስለ እነዚህ ምን ያውቃል? በቀሩት ሁለቱም ቢሆን ከየ59ኙ ጥያቄ 44ቱ ምንባብ ተነቦ የሚመለሱ ናቸው። ሩብ ያህሉም ባዮኬሚስትሪ ነው፤ ፍሬሽማን እያላችሁ ገና ያልደረሳችሁበት።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ኬሚስትሪዋ ሁሉ ኤ ነው። ስለ አንድ ኢንዛይም (የሰውነትን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) የሚያወራ ምንባብ ሰጠኋት። ቀመሩን ሳትሳሳት ጻፈችው። ግራፉ ጋ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ሲገባ፣ አንዱ ሳይገባ። ሁለቱም እኩል ከፍታ፣ ማለትም እኩል የሥራ ፍጥነት፣ ይደርሳሉ፤ መድኃኒት ያለበት ግን እዚያ ለመድረስ ብዙ ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) ይፈልጋል። «ለምን?» አልኳት። «ይሄ ኖቴ ላይ የለም» አለችኝ። ሸምድዳ ነበር ያለፈችው።

ያንኑ ግራፍ ለሌላ ልጅ አሳየሁት። ሌሊት ሥራ እያደረ ሲ ያመጣ ልጅ ነው። በኋላ ግን ያልገባውን ምዕራፍ አንድ በአንድ ተመልሶ አጥንቷል። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «መድኃኒቱና ሰብስትሬቱ ኢንዛይሙ ላይ ቦታ እየተሻሙ ነዋ! ሰብስትሬቱ ከበዛ ያሸንፋል» አለ።

እኔን የሚያሰጋኝ እንግዲህ የትኛው እንደሆነ ገብቷችኋል። ሲ ያመጣችሁት ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ጊዜ አጥታችሁ ነው ወይስ ሳይገባችሁ? ጊዜ ከሆነ ፕሮግራማችሁን አስተካክሉ። ካልገባችሁ ግን አሁኑኑ ተመለሱበት፤ ባዮኬሚስትሪው እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። ኤ ያመጣችሁም መጽሐፉን ዘግታችሁ ለጓደኛችሁ አስረዱ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኤምካት ጥሩ ቢመጣም ሲው ከትራንስክሪፕታችሁ አይጠፋም። ኮርሱን ደግማችሁ ብትወስዱት እንኳ የማመልከቻው ጂፒኤ ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ ቸል አይባልም።

ለፈተናው መድረሳችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከፍሬሽማን ውጤት ይልቅ ሙሉ የልምምድ ፈተና ይሻላል። በሰዓት ተቀመጡ፣ ያለ ካልኩሌተር፤ እዚያም አይፈቀድም። ጥያቄው ብቻ ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስትጨርሱ ነጥቡን አይታችሁ አትዝጉት። ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን ለምን እንደሳታችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።