ነጠላ ሕዋስ ለማጥናት ብዬ ቋሚ ሥራዬን ልልቀቅ?

ስሜ አይጠቀስ ስላልሽ “የፒያሳዋ” ብዬ ልጥራሽ። ደብዳቤሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። በሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ተመርቀሻል። መጀመሪያ በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሲዲ ፎር ማሽን ላይ፣ ማለትም ኤችአይቪ የሚያጠቃቸውን የመከላከያ ሕዋሳት በሚቆጥረው መሣሪያ ላይ ሠራሽ። አሁን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የግል ምርመራ ማዕከል ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሕዋሳት ቆጠራና የወባ ስሚር (በመስታወት ላይ የተቀባ ደም) ስታነቢ ትውያለሽ። በቅርቡ እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው ስለሚያነቡ አዳዲስ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂዎች ሰምተሽ ልብሽ ተነሣ። አንድ ማሠልጠኛ “በሁለት ሳምንት የነጠላ ሕዋስ ባለሙያ አደርግሻለሁ” ብሎ የበርካታ ወር ደመወዝሽን ጠየቀሽ። አባትሽ “ያገኘሽውን እንጀራ አትግፊ” ይላሉ። አንቺ ደግሞ “ዕድሜዬን ደም ስቆጥር ልጨርስ ነው?” ብለሽ ትጠይቂያለሽ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሥራሽን አትልቀቂ፣ ሰርተፊኬቱንም አትግዢ። ምክንያቴ ግን ከአባትሽ ይለያል። እሳቸው ያለሽን እንዳታጪ ሠግተው ነው። እኔ ወደምትፈልጊው ቦታ የሚወስደው መንገድ አሁን በተቀመጥሽበት ወንበር በኩል ስለሚያልፍ ነው።

ሲዲ ፎር ማሽኑ ውስጥ ምን ይካሄድ እንደነበር አስታውሺ። የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ ሕዋሱ ላይ ይጣበቃል። ሕዋሳቱ በቀጭን የፈሳሽ መስመር አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ማሽኑም “ይሄ ሲዲ ፎር አለው፣ ይሄ የለውም” እያለ እያንዳንዱን ይመዘግባል። ታዲያ ይህ የነጠላ ሕዋስ ቴክኖሎጂ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ማክ ፉልዋይለር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ሕዋስን ከሕዋስ የሚለይ ማሽን ሲሠራ ቴክኒኩን የተዋሰው ቀለም እየረጨ ከሚጽፍ መሣሪያ ነበር። ኋላ በስታንፎርድ የሌናርድ ኸርዘንበርግ ቡድን የሚያበራውን ቀለም ጨመረበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 “ኤችአይቪ ላለበት ሁሉ መድኃኒት ይጀመርለት” እስኪል ድረስ በየአገሩ ሕሙማን መቼ መድኃኒት እንደሚጀምሩ የሚወስነው ከዚህ ማሽን የሚወጣው ቁጥር ነበር። አንቺ ያንን ቁጥር ስታወጪ ኖረሽ ዛሬ “ነጠላ ሕዋስ ምን እንደሆነ አላውቅም” ትይኛለሽ።

አዲሱ ቴክኖሎጂ የሚለየው በጥያቄው ብዛት ነው። ሲዲ ፎር ማሽኑ ለሕዋሱ አንድ ሁለት ጥያቄ ያቀርባል። አዲሱ ዘዴ ግን ፕሮቲን ከሚሠሩት 20 ሺህ ገደማ የሰው ጂኖች ውስጥ በዚያች ሰዓት የትኞቹ እየሠሩ እንደሆነ ጂኑ ሲሠራ ከሚያወጣው ቅጂ፣ ከአርኤንኤው ላይ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳካ የተነበበው ከአይጥ ፅንስ የተወሰደ ሕዋስ፣ ያውም አንድ በአንድ በእጅ እየተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሐርቫርድ ያሉ ሁለት ቡድኖች እያንዳንዱን ሕዋስ በዘይት በተከበበች የውኃ ጠብታ ውስጥ ነጥሎ ማስገባት ቻሉ። ጠብታዋ ውስጥ አንዲት ጥቃቅን ዶቃ አለች፤ ዶቃዋ የራሷን መለያ ኮድ ከሕዋሱ አርኤንኤ በሚገለበጠው እያንዳንዱ ቅጂ ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቀላቅሎ በአንድ ላይ ቢነበብም የቱ ከየትኛው ሕዋስ እንደመጣ ኮዱ ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ ቡድን በዚያው ጽሑፉ 44,808 የአይጥ ሬቲና ሕዋሳትን አንብቦ በ39 ዓይነት መደባቸው። በዓመቱ መሣሪያው በፋብሪካ ተሠርቶ ገበያ ላይ ዋለ።

ይህ ለሐኪም ምን ይጠቅማል ላልሽው፣ ሲቢሲሽን ተመልከቺ። ጠቅላላ ነጭ የደም ሕዋስ 18 ሺህ ወጣ እንበል። ሐኪሙ ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነጭ ሕዋስ ዓይነት ድርሻ ሳያይ ምንም አይልም፤ ኒውትሮፊል ነው የበዛው ወይስ ሊምፎሳይት? ቀድሞ ሕብረ ሕዋስ ተፈጭቶ አርኤንኤው በጅምላ ሲለካ የሚገኘው ጠቅላላ ቁጥሩ ነበር። ነጠላ ሕዋስ ንባብ ማለት ለኩላሊቱም፣ ለዕጢውም፣ ለጉበቱም ዲፈረንሻል መሥራት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የአንድ ናሙና ሪኤጀንትና ንባብ ብቻ በሺህ ዶላር ደረጃ የሚቆጠር ወጪ አለው፤ ከዶላሩ ምንዛሪ ጋር ስታስቢው ራስሽ ትስቂያለሽ። ስለዚህ አራት ኪሎ በሚለጠፉት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ “የነጠላ ሕዋስ ባለሙያ እንፈልጋለን” የሚል ወረቀት አትጠብቂ። የሚወጣው “የምርምር ረዳት” ወይም “ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ለፕሮጀክት” በሚል ስም ነው፤ ዝርዝሩን ዝቅ ብለሽ ካላነበብሽ ታልፊዋለሽ። የሁለት ሳምንቱን ሥልጠና በተመለከተ ደግሞ ሰዎቹን ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ በእጄ የምሠራው ናሙና ምንድን ነው? አስተማሪው ራሱ የሠራው የምርምር ሥራ የቱ ነው? መልሱ ስላይድና ቪዲዮ ከሆነ ያ በነጻ የሚገኝ ነው።

መሣሪያው ራሱ እኮ ብዙ ሙያ አይጠይቅም። ናሙናው ይገባል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጠብታዎቹ ይወጣሉ። ሙያው ያለው ከማሽኑ በፊትና ከማሽኑ በኋላ ነው። በፊት ያለው ደግሞ ያንቺ ሠፈር ነው።

አንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ጠቅላላ አርኤንኤ ወደ 10 ፒኮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ አሥር እጅ ገደማ ነው። ደሙ ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ፣ ሴንትሪፊዩጁ ከልክ በላይ ከፈጠነ፣ ፒፔት የያዘው ሰው እጁ ከከበደ ሕዋሱ ይሞታል። የሞተው ሲፈነዳ አርኤንኤው ፈሳሹ ውስጥ ይበተንና በሌላው ጠብታ ይገባል፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ላይ ሊምፎሳይት ሄሞግሎቢን የሚሠራ መስሎ ይታያል። ሁለት ሕዋስ ተጣብቆ በአንድ ጠብታ ከገባ ደግሞ በተፈጥሮ የሌለ ሕዋስ “ተገኘ” ይባላል። ኒውትሮፊልን ብትወስጂ በደም ውስጥ ከነጭ ሕዋሳት ሁሉ በላይ ሞልቶ ሳለ ብዙ ጊዜ ከውጤቱ ይጎድላል፤ አርኤንኤው ጥቂት ነው፣ የራሱ ኢንዛይሞችም ያንኑ ጥቂት ይበሉታል። ይህን የማያውቅ ኮምፒውተር አዋቂ “በሽተኛው ኒውትሮፊል የለውም” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንቺ ግን በዚያው ዕለት ስሚሩን በማይክሮስኮፕ አይተሻልና አትሳሳቺም።

ስለዚህ አሁን ባለሽበት ቦታ ልታጠነክሪው የሚገባሽ ይህን ነው። ፊኮል በተባለው ፈሳሽ ሊምፎሳይትንና ሞኖሳይትን ከደሙ መለየት፤ ትራይፓን ብሉ በተባለው ቀለም የሞተውን ከሕያው ለይቶ በኒውባወር ቻምበር (የሕዋስ መቁጠሪያ መስታወት) መቁጠር፤ ሕዋስን ሳይሞት አቀዝቅዞ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማስቀመጥና በሕይወት መልሶ ማውጣት። የመጨረሻውን የምርመራ ማዕከላችሁ ላይሠራው ይችላል፤ የሚሠሩት የምርምር ተቋማት ናቸው፣ ወደዚያ እመጣለሁ። በየዕለቱ የሠራሽውን መዝግቢ፦ ናሙናው ስንት ሰዓት ተቀዳ፣ ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ከመቶው ስንቱ ሕያው ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዛ የመጣች አመልካች፣ ሰርተፊኬት ይዛ ከመጣችው ቀድማ ትቀጠራለች፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን ሌላ ነገር አላይም።

መሣሪያ ስለሌለ ተስፋ የለም የሚለውንም ሐሳብ ተዪው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዘዴ የጠብታ ማሽን ጭራሽ አያስፈልገውም። ሕዋሳቱ በፎርማሊን ባሉበት ሁኔታ እንዲቆዩ ይደረጋሉ፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ይከፋፈላሉ፣ ኮድ ይለጠፍባቸዋል፣ እንደገና ተቀላቅለው እንደገና ይከፋፈላሉ። ይህ አራት ጊዜ ሲደጋገም እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላው የሚለይበት የኮድ ጥምር ይኖረዋል። ፒፔት፣ ፕሌትና ትዕግሥት ነው። ያለ ውድ ማሽን መሥራት መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከማሽኑ በኋላ ያለው ሙያ የመረጃ ትንተና ነው፤ እዚህ ላይ “ሒሳብና ፕሮግራሚንግ ከድሮም አልወድም” ብለሻል። እሺ። ግን መጨረሻ ላይ የሚወጣው ነገር ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል ጂኖች፣ በሌላ በኩል ሕዋሳት፣ መሀሉ አብዛኛው ዜሮ። “ሱራት” የሚባለው በአር ቋንቋ የተጻፈ ነጻ ፕሮግራም ጀማሪን የሚያስተምረው በ2,700 የደም ሕዋሳት መረጃ ነው፤ ፓይተን ከመረጥሽ “ስካንፓይ” አለ። እዚያ ትምህርት ላይ የሚቶኮንድሪያ አርኤንኤው ከ5 በመቶ የበለጠ ሕዋስ ይጣላል፤ እየሞተ ያለ ሕዋስ ምልክት ነውና። ከዚያ ፕሮግራሙ ሕዋሳቱን በዘጠኝ ክምር ይለያቸዋል፤ ስም ግን አያወጣላቸውም። ሲዲ 14 የተባለው ጂን የበዛበት ክምር ሞኖሳይት መሆኑን፣ ያቺ ትንሿ ክምር ፕላትሌት መሆኗን የሚያውቀው ሰው ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ወር የሚፈጅበትን ስም ማውጣት አንቺ ከሻይ በፊት ትጨርሺዋለሽ። ኮዱን ደግሞ መውደድ አይጠበቅብሽም፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ከሰጠሽው በጥቂት ወራት ውስጥ ያን መልመጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠርተሽ ማሳየት ትችያለሽ።

ቀጥሎ የሚያስፈልግሽ ጥያቄ ነው፤ የበሽታ ጥያቄ። በስሚር የምታዪው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት አፍሪካ ውስጥ ጎልቶ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ የኛ ናት። እንግሊዝ አገር ሳንገር ኢንስቲትዩት ያሉ ተመራማሪዎች የወባ ጥገኛ ተውሳክን አንድ በአንድ አንብበው እ.ኤ.አ. በ2019 “የወባ ሕዋስ አትላስ” ብለው ለሁሉም በነጻ ከፍተዋል። ከሁመራና ከመተማ የሚመጣው ካላዛርም አለ፤ አንዱ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሲድን ሌላው ለምን ያገረሽበታል? እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የሰው ሕዋስ አትላስ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የሰውን ሕዋሳት በሙሉ በካርታ ለማስፈር ተነሥቷል፤ እስካሁን ግን የተሰበሰበው በአመዛኙ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። የኛ ሰው ደም እዚያ ካርታ ላይ እንዲገባ ናሙናውን በአግባቡ የሚያዘጋጅ እጅ የግድ እዚሁ መኖር አለበት።

የት ልሂድ ላልሽው፣ ከፒያሳ ቁልቁል ቸርችልን ይዘሽ ጥቁር አንበሳ ስትደርሺ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂና ፓራሲቶሎጂ ትምህርት ክፍል አለ። ሰፈረ ሰላም ግቢ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ኢንስቲትዩቱ በስሙ የተጠራለት ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ፣ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነው ወደ ብልሃርዝያ ምርምሩ የገባው፤ እዚያ ማሽን አልነበረም። ራቅ ብሎ አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተመሥርቶ ዛሬ ቲቢንና ሌሎችንም ያጠናል፣ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችም ጥናታቸውን እዚያ ይሠራሉ። ከነዚህ በአንዱ በኢሚዩኖሎጂ ወይም በፓራሲቶሎጂ ማስተርስ ለመጀመር አቅጂ፤ “ነጠላ ሕዋስ” የሚል የትምህርት ክፍል ፍለጋ አትዙሪ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ከአሁኑ አጥኚለት።

ከዚያ በፊት ለተመራማሪዎች ጻፊ። “ክቡር ዶክተር፣ ለሳይንስ ከፍተኛ ፍቅር ያለኝ...” እያልሽ ግን አትጀምሪ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። የጻፉትን አንድ ጥናት አንብበሽ በናሙና አያያዙ ላይ የገባሽን ወይም ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂ፣ ሲዲ ፎር ላይ መሥራትሽን በአንድ መስመር ጥቀሺ፣ ከሥራ ውጪ ባለሽ ሰዓት ፊኮል ሲሠራ ቆመሽ ማየት ይፈቀድልሽ እንደሆነ ለምኚ። ካልመለሱ በስልክ ሳይሆን በአካል ሂጂ፤ በኛ አገር ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ናሙና ወደ ውጭ ስለሚላክበት የሥነ ምግባር ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትም ጠይቂያቸው። ብዙ ፕሮጀክት የሚዘገየው እዚያ ላይ ነው፤ ወረቀቱን የምታውቅ ላብራቶሪስት ደግሞ ትፈለጋለች።

አባትሽ ትክክል የሆኑበት አንድ ነገር አለ። የምርምር ሥራ በአመዛኙ የፕሮጀክት ኮንትራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት እንደተቋረጠ አንቺም ታስታውሺያለሽ። ስለዚህ የፕሮጀክት ሥራ ስታገኚ የኮንትራቱን ማብቂያ ቀን፣ የገንዘቡን ምንጭና ማስተርስሽን በዚያው መጨረስ መቻልሽን ሳታጣሪ የፒያሳውን አትልቀቂ። የሙያ ፈቃድሽንም በየጊዜው አሳድሺ።

ላፕቶፕን በተመለከተ፣ አዲስ አትግዢ። ስምንት ጊጋ ራም ያለው ያሁኑ ላፕቶፕሽ ለ2,700ዎቹ ሕዋሳት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚበልጥ መረጃ ሲገጥምሽ ጉግል ኮላብ ላይ በነጻ ይሠራል፤ ቤት መብራት ወይም ዳታ ካስቸገረሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ተቀመጪ። ለላፕቶፑና ለሰርተፊኬቱ ያሰብሽውን ብር ለማስተርሱ ክፍያ አቆዪው።