ፋሽን ዲዛይን ለጀመራችሁ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ሰላም ልጆቼ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ፣ ኋላም እያስተማርኩ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ትምህርት የጀመራችሁ ስለበዛችሁ ዛሬ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ እናውራ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ብትን ጨርቅ ገዝታችሁ ስትመጡ ሳታጥቡና ሳትተኩሱ መቀስ እንዳታስነኩት።

ከደብረ ሲና፦ እትዬ፣ ስዕል አልችልም። ክፍል ውስጥ ሁሉም ሲስሉ እኔ እሸማቀቃለሁ። ትምህርቱን ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እንዳትተዪው የኔ ልጅ። የፋሽን ስዕል ሐሳብሽን ለሚሰፋው ሰው የምታስረጂበት መንገድ ነው። የሰው ቁመት በራሱ ጭንቅላት ሲለካ ሰባት ተኩል ያህል ይሆናል። እኛ ዘጠኝ እናደርገዋለን፤ እግሩ ሲረዝም ልብሱ ጎልቶ ይታያል። ወረቀትሽን ከላይ እስከ ታች ዘጠኝ እኩል ቦታ ከፍለሽ አስምሪ። አገጭ አንደኛው መስመር ላይ፣ ወገብ ሦስተኛው አካባቢ፣ ጉልበት ስድስተኛው ላይ ይውላል። ማታ ማታ አንድ አንድ ሳዪ፤ እጅሽ ይፈታል።

ከዓለም ከተማ፦ ለዲዛይን የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?

መልስ፦ አሁን አያስፈልግሽም። ብሩን ለመቀስና ለጨርቅ አውዪው።

ከሸዋ ሮቢት፦ እሺ ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ሁለት መቀስ። አንዱ ለጨርቅ፣ አንዱ ለወረቀት። የጨርቁ መቀስ ወረቀት ከቆረጠ ይዶለዱማል፤ ለማንም እንዳታውስ። ሜትር ስትገዛ ከብረት ማስመሪያ ጎን ዘርግተህ አስተያየው፤ ርካሹ እየተለጠጠ ልክ ያሳስታል። ለምልክት ጠመኔ ካጣህ ስስ የሳሙና ስባሪ ይበቃል፣ ሲታጠብም ይለቃል። ለሙከራ አቡጀዴ ግዛ። ውድ ጨርቅ ላይ እጅ መፍቻ አይሠራም።

ከደብረ ብርሃን፦ ስሰፋ አያምርልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይኼን እንዴት ብዬ ልመልሰው? ምን ልብስ ነው? ምን ጨርቅ ነው? ትከሻው ነው ወገቡ የተበላሸው? ዝርዝሩን ይዘህ ተመለስ።

ከደብረ ብርሃን (ያው ልጅ)፦ ይቅርታ እትዬ። ለእህቴ ቀሚስ ነው። ደረቷ 88 ነው። ለአራት አካፍዬ 22 አወጣሁና ቆረጥኩ። ጠበባት።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። 22 የገላዋ ልክ ነው እንጂ የልብሱ ልክ አይደለም። ሰው ይተነፍሳል፣ ይቀመጣል፣ እጁን ያነሳል። ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ዙሪያ 6 ሴንቲ የመንቀሳቀሻ ትርፍ ስጥ። ለአራት ሲካፈል 1.5 ነው፤ 23.5 ሆነ። ከዚያ ጎኑ ላይ የስፌት ትርፍ 1.5 ጨምር፣ 25 ላይ ቁረጥ። አንተ ግን ሁለቱንም ትርፍ ረስተህ በ22 ቆርጠህ፣ ስትሰፋ ደግሞ ከእሱም ላይ በላህበት። ፓተርንህ (ጨርቁን የምትቆርጥበት የወረቀት ልክ) ላይ ሁለቱን ትርፍ ለየብቻ ጻፋቸው። ለመሆኑ ጨርቁን አጥበኸው ነበር?

ከደብረ ብርሃን (ያው ልጅ)፦ አላጠብኩም።

መልስ፦ በሉ ሁላችሁም ስሙ።

ከአንኮበር፦ ኮሌጅ ያለው ማሽን ከሥር ክሩን እየቋጠረ አስቸገረኝ። ቦቢኑ (የሥሩ ክር የሚጠቀለልበት) ይመስለኛል።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው። የማሽኑን እግር (ጨርቁን የሚጫነውን) አንስተሽ የላዩን ክር እንደገና አስገቢ። እግሩ ወርዶ ክር ካስገባሽ ክሩ በመወጠሪያው ውስጥ በደንብ አይገባም፣ ከሥር ይከመራል። ደግሞ ክር ሳይኖር በተሰመረ ወረቀት ላይ በአሮጌ መርፌ ተለማመጂ። ጥግ ስትደርሺ መርፌው ወርዶ እንዳለ እግሩን አንስተሽ ወረቀቱን አዙሪ። ቀጥታ መስመሩ ሲስተካከልልሽ ወደ ክብ እለፊ።

ከመሐል ሜዳ፦ መምህራችን ከአካባቢያችሁ ጨርቅ አንድ ነገር ሥሩ ብሎናል። የበርኖስ ሱፍ እንደ ሌላ ጨርቅ ይቆረጣል?

መልስ፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ያለች የመንዝ ከተማ ናት፤ በርኖስና ባና (የሱፍ ካባና የሱፍ ብርድ ልብስ) ለዚያ ብርድ የተሠሩ ናቸው። የመንዝ በግ ሱፉ ሻካራ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። የሱፍ ጠጉር ላዩ ጥቃቅን ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ማሸት ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ያጥራል። በደንብ የጠበቀ ሱፍ ሲቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም። ስለዚህ ጫፉን አጥፈሽ አትቀምቅሚው፣ ይከመርብሻል። ሁለቱን ጠርዝ አደራርበሽ ከላይ ስፊው። ስትተኩሺ እርጥብ ጨርቅ ከላይ አልብሺና ካውያውን ተጫኚው፣ አትጎትቺው። ማጠብ ያልኩት ለሱፍ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ማውጣት ነው፣ ሳይታሽ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ሱፍ ምን ያደርግልናል? ዲዛይነር ገበያውን ነው ማየት ያለበት።

ከመሐል ሜዳ፦ ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃንስ ገበያ አይደለም? ጠዋት ስንት ሰው ጋቢ ደርቦ እንደሚሄድ እይ።

ከሞላሌ፦ እሱ እውነት ነው፣ ግን የበርኖስ ሱፍ አንገት ያሳክካል። ወጣት አይለብሰውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ይኸው! እኔም ያልኩት ይኼንን ነው።

መልስ፦ በቃ፣ አትጨቃጨቁ። የሚያሳክክ ከሆነ አንገቱና እጅጌው ውስጥ የጥጥ ገበር አድርጉለት። መፍትሔ መፈለግ የዲዛይነር ሥራ ነው። አያቶቻችን ፈትለው የሸመኑትን ጨርቅ ሳትነኩት «አይሆንም» ስትሉ ግን ልቤ ያዝናል። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ደግሞ በፈትል ሥራ። ጥለት ያለው ጨርቅ ከሆነ ፓተርንህን ከጥለቱ ጀምረህ ወደ ላይ ለካ፤ ጥለቱ የቀሚሱ ጫፍ ስለሆነ በኋላ ቆርጠህ አታሳጥረውም። የእጅ ሽመና ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል፤ የስፌት ትርፉን 2 ሴንቲ አድርግ።

ከደብረ ሲና፦ ገበያ ላይ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ይሉናል። በምን እንለያለን?

መልስ፦ ከጠርዙ ክር መዝዘሽ ብረት ሳህን ላይ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል፣ በጣትሽ እንዳትነኪው።

ከዓለም ከተማ፦ እትዬ፣ ጨርቅ ማጠብ ግን የግድ ነው?

መልስ፦ ስንት ጊዜ ልበለው? አላምን ካልሽ ራስሽ ሞክሪ። 20 በ20 ሴንቲ ቁረጪ፣ እጠቢ፣ አድርቂ፣ ተኩሺ፣ ለኪ። 19 ከሆነ በመቶ 5 ጠፋ ማለት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀሚስ 5 ሴንቲ ያጥራል። ደንበኛሽ ያንን ይዛ ስትመጣ ምን ትያታለሽ?

ከሞላሌ፦ ለሲኦሲ (ለሙያ ብቃት ምዘናው) ምን ይመጣል?

መልስ፦ መምህራችሁን ጠይቁ።

ከአንኮበር፦ እትዬ፣ ክፍላችን ውስጥ ብዙ ነን። ማሽን ተራ አይደርሰኝም።

መልስ፦ ተራሽን ስትጠብቂ በእጅ ስፊ። አቡጀዴ ላይ መስመር አስምሪና ወደ ኋላ እየተመለስሽ ስፊ፤ መርፌው ባለፈው ስፌት ጫፍ ላይ ይገባል፣ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይወጣል። ስፌቶቹ እኩል እስኪሆኑ ፍቺና ድገሚ። ከዚያ ዚፕ በእጅ ግጠሚ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሰፋሽውን ፎቶ አንስተሽ አምጪው፣ ከፊትም ከጀርባም። ሌሎቻችሁ የእጅጌ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፣ ልካችሁን ጽፋችሁ።