ለግሬት ሌክስ ውድድር ከቺካጎ ለምትመጡ፤ ሁለቱንም ቀን ቆዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ ሚቺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ገብቶ በፔፕ ባንዱ፣ በጨዋታ ላይ ደጋፊውን በሚያሟሙቀው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ትሮምቦን ይነፋል። ባንዱ ደግሞ ከፈረንጆች ገና በኋላ ለግሬት ሌክስ ኢንቪቴሽናል የበረዶ ሆኪ ውድድር ምዕራብ ሚቺጋን ወዳለችው ግራንድ ራፒድስ ከተማ ይወርዳል። እናትሽንና የ8 ዓመት ልጅሽን ይዘሽ ከቺካጎ ልትመጪ አስበሻል። በምን እንሂድ፣ ብርዱን እንዴት እንቻለው፣ ጾሙንና የገብርኤልን በዓልስ እንዴት እናድርግ፣ ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን ከተሸነፈስ እንመለስ ወይ ብለሻል። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ዝግጅት የሚወሰነው በሱ ነው።

ቢሸነፉም አትመለሱ። ውድድሩ አራት ቡድን፣ ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጨዋታ አለ። ያሸነፉት በማግስቱ ለዋንጫ፣ የተሸነፉት ለሦስተኛ ደረጃ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው የሦስተኛ ደረጃውን ጨዋታ እንደ ወዳጅነት ግጥሚያ ይቆጥረዋል። አይደለም። የኮሌጅ ሆኪ ቡድን በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው 34 ገደማ ጨዋታ ብቻ ነው። ለብሔራዊ ሻምፒዮናው የሚያልፉት ደግሞ 16 ቡድኖች ናቸው። እያንዳንዱ ጨዋታ፣ ይህም ጭምር፣ 16ቱን በሚለየው የደረጃ ስሌት ውስጥ ይገባል። በታኅሣሥ የተሸነፉት አንድ ጨዋታ መጋቢት ላይ ቤት ሊያስቀር ይችላል። ተጫዋቾቹ ይህን ያውቃሉ፣ አጨዋወታቸውም ይናገራል። ደግሞ አንቺ የምትመጪው ለልጅሽ ነው። ባንዱ በሁለቱም ቀን ይጫወታል። የሦስተኛ ደረጃው ጨዋታ የሚቀድም ስለሆነ አዳራሹ ገና አይሞላም፤ የባንዱ ድምፅ ያኔ ጎልቶ ይሰማል። እኔ እንዲያውም ያን ሰዓት እወደዋለሁ።

ይህ ውድድር ለሚቺጋን ቴክ ሰዎች ምን እንደሆነ ብታውቂ ጥሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ሆተን ነው፤ በሚቺጋን ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ በዓመት አምስት ሜትር ገደማ በረዶ የሚወርድበት አገር። ተመርቀው የሚወጡት መሐንዲሶች ግን ብዙዎቹ ሥራ የሚይዙት ወደ ደቡብ ወርደው፣ ዲትሮይትና አካባቢዋ ነው። ስለዚህ በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ውድድሩ ሲጀመር ዲትሮይት ላይ፣ በኦሊምፒያ አዳራሽ ተደረገ። አሰልጣኙ ጆን ማኪነስ ነበሩ። በዚያው ዓመት ቴክ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። በ1979 ወደ ጆ ሉዊስ አሬና ተዛወረ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው የሚሞላበት ዘመንም ነበረው። በ2013 ደግሞ ኮሜሪካ ፓርክ ቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ ደጅ፣ በብርድ ተጫወቱ፤ ዋንጫውን ዌስተርን ሚቺጋን ወሰደ። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ። ከ2022 ጀምሮ ግራንድ ራፒድስ፣ ቫን አንደል አሬና ነው። አስተናጋጁ ሁልጊዜ ቴክ ነው። ለዓመታት ሚቺጋንና ሚቺጋን ስቴት ቋሚ እንግዶች ነበሩ፤ አሁን ተጋባዦቹ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ እዚያ የምታገኙት የኳስ ሜዳ ተመልካች ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ተመራቂ ከነልጅ ልጁ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ እየተፈላለገ፣ ጥቁርና ወርቃማ ለብሶ ታያላችሁ። ልጅሽ የባንዱን ባለ መስመር ኦቨሮል ለብሶ እዚያ መሃል ሲቆም የሚሰማሽን አንቺው ትነግሪኛለሽ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከቺካጎ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በአይ 94 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ ቤንተን ሃርበር ላይ ወደ አይ 196 ትታጠፋላችሁ። ችግሩ ርቀቱ አይደለም፣ ሐይቁ ነው። ነፋሱ ሚቺጋን ሐይቅን ተሻግሮ ሲመጣ እርጥበቱን ዳርቻው ላይ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ቺካጎ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሴንት ጆሴፍ ስትደርሱ ከፊታችሁ ያለው መኪና ላይታይ ይችላል። በጃንዋሪ 2015 እዚሁ ምዕራብ ሚቺጋን፣ ከካላማዙ በስተምሥራቅ፣ በአይ 94 ላይ 193 መኪና በአንድ ጊዜ ተጋጭቷል። ይህን የምለው ላስፈራሽ አይደለም። የአየር ትንበያውን የቺካጎን ሳይሆን በመንገዳችሁ ላይ ያለችውን የሆላንድ ከተማንና የግራንድ ራፒድስን እዩ። በረዶ ከተባለ አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ።

ባቡርም አለ። ፔሬ ማርኬት የሚባለው የአምትራክ ባቡር ከቺካጎ በቀን አንዴ፣ አመሻሽ ላይ ይነሳል። ግራንድ ራፒድስ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ጣቢያው ከአሬናው ሩቅ አይደለም። ሲመለስ ግን በማለዳ ስለሚነሳ የመጨረሻውን ቀን ማታ አድራችሁ ነው የምትሄዱት። ለእናትሽ ባቡሩ ምቹ ነው፤ ዋጋው ግን የሁለት ሌሊት ሳይሆን የሦስት ሌሊት ሆቴል ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። ሚቺጋን ከቺካጎ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በእኩለ ቀን ተነስታችሁ ሦስት ሰዓት ብትነዱ፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ነው፣ በአሜሪካ ሰዓት። የመጀመሪያው ጨዋታ ያኔ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ይህ ከገብርኤል ጋር ይያያዛል። ታኅሣሥ 19 ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል፤ ውድድሩም የሚደረገው በነዚያው ቀናት ነው። እማማ ታቦቱን ሳይሳለሙ አይሄዱም ካልሽ፣ እውነታቸውን ነው፤ በዓሉ ትልቅ ነው። መጀመሪያ የጨዋታውን ቀን እዩ። በገብርኤል ዕለት የመጀመሪያው ቀን ከዋለ፣ ማኅሌቱን ቆመው ጠዋት ተሳልመው መነሳት ይቻላል፤ ግን የቴክ ጨዋታ የምሽቱ ከሆነ ብቻ ነው ተረጋግታችሁ የምትደርሱት። የቀኑ ከሆነ እኔ ብሆን ቤተሰቡን ለሁለት እከፍል ነበር። አንዳችሁ ከትንሹ ልጅ ጋር ቀድማችሁ ሂዱ፣ ሌላው እማማን ይዞ ለሁለተኛው ቀን ይድረስ። ሁለተኛው ቀን የማይቀር የሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

ጾሙ ቀላል አይደለም። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም እስከ ገና ዋዜማ አለ። በአሬናው የሚሸጠው ሆት ዶግ፣ አይብ የፈሰሰበት ናቾስ፣ ፒዛ ነው። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት በአብዛኛው አይፈቀድም፤ አንዴ ከወጣችሁም መመለስ ላይቻል ይችላል። ሁለቱን ጨዋታ ካያችሁ ደግሞ ስድስት ሰዓት ያህል ውስጥ ናችሁ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት በደንብ ብሉ። ሽሮና ምስር ወጥ ከቤት ይዛችሁ፣ ማይክሮዌቭ ያለው ሆቴል ያዙ። ውስጥ ከገባችሁ የድንች ጥብስ አለ፤ ፈንድሻውን ግን ቅቤ የሌለው መሆኑን ጠይቁ። በግራንድ ራፒድስ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ፤ በበዓል ሰሞን ሰዓታቸው ስለሚቀያየር ደውላችሁ ሂዱ።

ሆቴል ስትይዙ መሃል ከተማ ካለው ከስካይዎኩ ጋር የተያያዘ ፈልጉ። ከመንገድ በላይ የተሠራ የተዘጋ መተላለፊያ ነው፤ አሬናውን ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጋር ያገናኛል። ለእማማ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በረዶ ሳይረግጡ ገብተው ይወጣሉ። ዋጋው ከፍ ይላል። ራቅ ብላችሁ ካደራችሁ ዳሽ የሚባለው የመሃል ከተማ አውቶቡስ ነፃ ነው። ውስጡ እንደምትፈሪው አይበርድም። ሹራብና ጃኬት ይበቃል። ለእማማ ግን ጋቢ ያዙ፤ ወንበሩ ላይ ብዙ ሲቀመጡ እግር ይቀዘቅዛል።

ትኬት ከትምህርት ቤቱ ትኬት ቢሮ ጠይቁ፤ በቴክ ደጋፊዎች ክፍል የምትቀመጡት እንደዚያ ነው። ትኬቱ የሁለት ቀን ነው የአንድ፣ ሁለቱንም ጨዋታ ያጠቃልላል ወይ የሚለውን ሳትከፍሉ አረጋግጡ። ከፊት ያሉት ረድፎች አያጓጓችሁ። መስታወቱና ግድግዳው ግማሹን ሜዳ ይጋርዳል። ከመሃል ከፍ ያለው ይሻላል፤ ጨዋታው እንዴት እንደሚገነባ ይታያል። ለእማማ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር፣ ከመግቢያው በር ብዙ ደረጃ የማያስወጣውን ምረጡ። ፓክ የምትባለው መጫወቻዋ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን የቀዘቀዘ ጎማ ናት፤ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። ከጎሎቹ ጀርባ መረብ አለ፣ በጎን በኩል ግን ከመስታወቱ በላይ ክፍት ነው። ትንሹ ልጅ ጨዋታ እየሄደ ስልክ ላይ እንዳያቀረቅር። ባንዱ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ደግሞ የጆሮ መከላከያ ያዙለት።

ጨዋታውን ለእማማ ማስረዳት አይከብድም። የገና ጨዋታ አይተው ያደጉ ናቸው። ይህ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው፤ ሩሯ ጠፍጣፋ ሆና ማለት ነው። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ አለ። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። በመሃል 15 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ ያኔ ዛምቦኒ የሚባለው መኪና በረዶውን ሲያለሰልስ ትንሹ ልጅ ዓይኑን አይነቅልም። ጥፋት የሠራ ሁለት ደቂቃ ይታሰራል፣ ቡድኑም በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ጎል የመግባት ዕድሉ የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው። እማማ ድብድቡን ከፈሩ ንገሪያቸው፤ በኮሌጅ ሆኪ የተደባደበ ከጨዋታው ይባረራል፣ ቀጣዩም ያመልጠዋል። ሁሉም ፊታቸውን የሚሸፍን መከላከያ ያደርጋሉ።

ከተጋባዦቹ ቡድኖች የምታውቁት ኮከብ ካለ ላይኖር ይችላል። በዚያው ሰሞን የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ስለሚጀመር ምርጦቹ ለአገራቸው ይሄዳሉ። ይህ ውድድሩን አይጎዳውም፤ ሌላ ጊዜ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ያን ቀን ሜዳ ይገባል።

ልጅሽን ብዙ አታገኙትም፣ ይህን አስቀድመሽ ለእማማ ንገሪያቸው። የሚንቀሳቀሰው ከባንዱ ጋር ነው። በጨዋታዎቹ መሃል ወጥቶ ሊስማቸው ይችላል። ከፍጻሜው በኋላ ከናንተ ጋር ቺካጎ መጥቶ ትምህርት እስኪጀመር እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ግን አሁኑኑ የባንዱን ኃላፊ ይጠይቅ፤ የአውቶቡስ ስም ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ ያስቸግራል። የመቀመጫውን ካርታ ስታዪ ግራ ከገባሽ የክፍሉን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከየትኛው በር እንደሚገባ እነግርሻለሁ።