ጀርመን ሄዳችሁ ለመማር ለምታስቡ ልጆች፣ ስለ ጎቲንገን ላውራችሁ

ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል፣ "ጋሼ ጀርመን ውስጥ ራንኩ ከፍ ያለ ዩኒቨርሲቲ የቱ ነው?" ነው። መጠየቃችሁ ጥሩ ነው፣ ግን እኔ የተማርኩበትን የጎቲንገንን ታሪክ ብታውቁ ራንክ ብቻ አይታችሁ አትወስኑም ብዬ ስለማምን ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ሙያዬ ደን ነው፣ የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ ግን እዛ ከተማ ኖሮ ታሪኩን ሳያውቅ የሚመለስ ሰው የለም፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ማን ከመቼ እስከ መቼ እንደኖረበት የሚናገር የእብነ በረድ ሰሌዳ ተለጥፏል፣ ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ እንኳን ሦስት አራቱን ታነባላችሁ።

ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ከአምስት ሰው አንዱ ተማሪ ነው ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1734 ነው፣ በይፋ የተመረቀው ደግሞ በ1737፣ ያቋቋመውም የእንግሊዝ ንጉሥና የሃኖቨር ገዢ የነበረው ጆርጅ ሁለተኛ ነው። ሥራውን የመራው ግን ሙንሽሃውዘን የሚባል ሚኒስትር ነው፣ እሱ ያደረገው ሁለት ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። በዛን ዘመን የነገረ መለኮት ፋኩልቲ ሌሎቹ የሚያስተምሩትን እየመረመረ ይሄ ይቅር ይሄ ይለፍ ማለት ይችል ነበር፣ ጎቲንገን ላይ ይሄን ሥልጣን ከለከሉት። ሁለተኛው ላይብረሪው ነው፣ ሌላ ቦታ መጽሐፍ ተቆልፎ ሲቀመጥ እነሱ ተማሪው ወስዶ ቤቱ ያንብብ አሉ። በዚህ ምክንያት ሰው ከየአገሩ መጣ፣ የሂሳብ ሊቁ ጋውስም እዛው ሠራ፣ እሱና የፊዚክስ ሊቁ ቬበር በ1833 ከተማዋ ላይ ሽቦ ዘርግተው በኤሌክትሪክ መልእክት የተላላኩት እዛ ነው።

ከዛ 1837 መጣ። ዩኒቨርሲቲው መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት ዓመት አዲሱ የሃኖቨር ንጉሥ ኤርንስት አውጉስት የ1833ቱን ሕገ መንግሥት ሻረው፣ ሰባት ፕሮፌሰሮች ደግሞ እኛ በዛ ሕገ መንግሥት ምለናል፣ መሐላችንን አናፈርስም ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ከነሱ ውስጥ ተረት የሰበሰቡት ሁለቱ የግሪም ወንድማማቾች አሉ፣ ቬበርም አለ። ተማሪዎቹ ደብዳቤውን በእጃቸው እየገለበጡ በተኑት፣ ሰባቱም ተባረሩ፣ ሦስቱ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ለቃችሁ ውጡ ተባሉ።

አሁን እኛን የሚነካው ቦታ ላይ ደረስን። ከሰባቱ አንዱ ሄንሪክ ኤቫልት የጋውስ አማች ነው፣ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ። ከጎቲንገን ሲባረር ሌላው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ቱቢንገን ተቀበለው፣ እዛ ከተማሩት ልጆች አንዱ አውጉስት ዲልማን ነው። ግዕዝ የምትመራመሩ ልጆች ዲልማንን አላስተዋውቃችሁም፣ በ1857 የግዕዝ ሰዋስው በ1865 ደግሞ ያንን ትልቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሰው ነው፣ ዛሬም ድረስ ተመራማሪው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያለው እሱ ነው። አያችሁ፣ ጎቲንገን ሕንፃው ቀርቶለት ነበር ግን ዕውቀቱ ከተባረረው መምህር ጋር አብሮ ሄዷል።

ይሄው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በባሰ ሁኔታ ተደገመ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በሂሳብ ከጎቲንገን የሚበልጥ አልነበረም፣ ታላቁ የሂሳብ ሊቅ ሂልበርት እዛ ነበር። የሂሳብ ሊቋን ኤሚ ኖተርን በ1915 የጠሯት እሱና ባልደረባው ክላይን ናቸው፣ ሴት ስለሆነች ፋኩልቲው የማስተማር ፈቃድ አልሰጥም ሲል ሂልበርት ኮርሱን በራሱ ስም ያስለጥፍና እሷ ገብታ ታስተምር ነበር፣ ያለ ደሞዝ። ፈቃዱን ያገኘችው በ1919 ነው። እስኪ አስቡት፣ ፊዚክስ የምታጠኑ ሁሉ የምትማሩትን ትልቅ ቲዎረም ያስገኘች ሰው በር ላይ ስሟ የለም። ከዛ 1933 ሚያዝያ ናዚዎች አይሁዶችን ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ሕግ አወጡ፣ ኖተር፣ የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን፣ የሂሳብ ሊቁ ኩራንት ከሥራቸው ተነሱ። የኖቤል ተሸላሚው ጀምስ ፍራንክ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስለዘመተ ሕጉ አይነካውም ነበር፣ እሱ ግን ወገኖቼ ሲባረሩ አልቀመጥም ብሎ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ፣ ያኔ 42 የገዛ ዩኒቨርሲቲው መምህራን እሱን የሚያወግዝ ጽሑፍ ላይ ፈረሙ። ይሄን ሳነብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም የፈረሙት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የተገነባው የሂሳብና የፊዚክስ ስም በአንድ ጸደይ ባዶ ቀረ፣ ሰዎቹም አሜሪካና እንግሊዝ ሄደው እዛ ሳይንሱን አሳደጉት።

ስለዚህ ራንክ ከመጠየቃችሁ በፊት እዛ ማን አለ፣ ምን እየሠራ ነው፣ ተማሪዎቹ ከሱ ጋር ምን አሳተሙ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የሄድኩት ለአንድ የአፈር መምህር ብዬ ነው፣ የደን ፋኩልቲው ራሱ በ1868 ሙንደን በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀምሮ በ1970 ነው ጎቲንገን የገባው፣ ቢስገንቬግ የሚባል መንገድ ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ዛፍ መሀል ነው ያለው፣ ስሙን ማንም አይነግራችሁም ግን ለኔ የሚሆነው እሱ ነበር።

ትምህርቱ ላይ የሚከብዳችሁን ልንገራችሁ። ሌክቸር ላይ በአብዛኛው አቴንዳንስ የሚወስድ የለም፣ ቀረህ ብሎ የሚደውል የለም፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ፈተናው ይመጣል በቃ። ፕሮግራሙ ላይ 4 ሰዓት ሲ.ቲ. የሚል ካለ የሚጀምረው ከሩብ ላይ ነው። ሲያልቅ አያጨበጭቡም፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፣ መጀመሪያ ስትሰሙት ትደነግጣላችሁ። ከሁሉም የሚከብደው ግን መናገር ነው። እኛ ከመምህር ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምረን ነው ያደግነው። አንድ ቀን ሴሚናር ላይ ገና ሁለተኛ ዓመት የሆነች ልጅ እጇን አወጣችና ፕሮፌሰሩን "ግራፉ ላይ ያለው መለኪያ ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም" አለችው፣ እሱ ዞር ብሎ አየው፣ አመሰገናት፣ በእርሳስ አስተካከለውና ቀጠለ፣ ማንም አልሳቀ ማንም አልተቆጣ። እናንተም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ጠይቁ፣ አክብሮታችሁን የሚያዩት በጥያቄያችሁ ነው። ዶክትሬት ስትጨርሱ ጓደኞቻችሁ በእጃቸው የሠሩትን ኮፍያ ያጠልቁላችሁና በተሸለመ ጋሪ እየጎተቱ አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለችው ዝይ ጠባቂዋ ልጅ ሐውልት ጋ ይወስዷችኋል፣ ፏፏቴው ላይ ወጥታችሁ ስማችኋት አበባ ታስቀምጣላችሁ፣ ሐውልቷ መጀመሪያ እዛ የቆመችው በ1901 ነው።

ገንዘብ ለምትጠይቁኝ፣ ጎቲንገን ባለችበት በታችኛው ሳክሶኒ ክልል ለመደበኛ ተማሪ ትዩሽን የለም፣ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው፣ ባደን ቩርተምበርግ በሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ስኮላርሺፕ ከሌላችሁ ለቪዛው ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም ገንዘቡ በየወሩ በልክ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ ይጠየቃል፣ ለዓመት ወደ 12 ሺህ ዩሮ ይጠጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የዳአድን (የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት) ስኮላርሺፖች በደንብ እዩ።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ ደግሞ ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት አትላኩ፣ ያውቁታል። የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን አንድ ጽሑፍ እስከ መጨረሻ አንብቡ፣ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፣ ማን እንደሆናችሁና ምን መሥራት እንደምትፈልጉ በአራት አምስት መስመር ጻፉ፣ ሲቪያችሁን አያይዙ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትህትና አስታውሷቸው፣ ነሐሴ ላይ ከሆነ ግን እረፍት ላይ ስለሚሆኑ እስከ መስከረም ጠብቁ።